የተጠና ምስክር

ልደታ ውስጥ ሰው መልስ ሲያጠና የሚውልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ አካባቢ ነው። ባለጉዳዩ ምስክሩን ሻይ ቤት ያስቀምጥና «ሰዓቱን ሲጠይቁህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በል፤ ኮቱንም ጥቁር ነበር በል» እያለ ያስጠናዋል። ሌላው ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ካፌ ነው። እዚህ ደግሞ ለዳታ አናሊስትነት ኢንተርቪው የተጠራ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ አንዷን ማኪያቶ እስክትበርድ እያቆያት፣ ጓደኛው እየጠየቀው ይለማመዳል።

«ዴይሊ አክቲቭ ዩዘር በ10 በመቶ ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?»

«በመጀመሪያ ጥያቄውን አጣራለሁ። ቀጥሎ ሴግመንት አደርጋለሁ። ከዚያ ሃይፖቴሲስ አወጣለሁ።»

«‹በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው› ማለቱን ረሳኸው።»

የሐሰት ምስክርነት ወንጀል ነውና የፍርድ ቤቱ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ከተነቃበት ጉድ ይፈላል። የካፌው ልጅ ግን ማጥናቱ ሲታወቅለት «ዝግጁ ነው» ተብሎ ይቀጠራል። እኔም ሰላማዊ ዜጋ ስለሆንኩ ሕግ የማይነካውን ሁለተኛውን ጥናት ከልቤ ደግፌ ይህን ጻፍኩ።

ጥናቱ የራሱ ቀኖና አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዴቭ ማክሉር የተባለ የሲሊከን ቫሊ ሰው ለጀማሪ ኩባንያዎች አምስት መለኪያ ደረደረ፦ አኩዊዚሽን፣ አክቲቬሽን፣ ሪቴንሽን፣ ሪፈራል፣ ሬቨኑ። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ተከታትለው ሲነበቡ የባሕር ወንበዴ ጩኸት ስለሚመስሉ «የወንበዴ ሜትሪክ» ተባሉ። የባሕር በር የሌለን ሰዎች የባሕር ወንበዴ መዝሙር በቃላችን መያዛችን አርቆ አሳቢነት ነው፤ ወደቡ የተገኘ ዕለት ተዘጋጅተን እንገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ክራኪንግ ዘ ፒኤም ኢንተርቪው»ና ቢጤዎቹም የተጻፉት የአሜሪካ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን በር ለሚያንኳኳ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሱት በቴሌግራም፣ በፒዲኤፍ፣ በነጻ፤ ማለትም በዚያው በወንበዴው ደንብ ነው።

የዚህ ጥናት ትልቁ ጥበብ የሚያውቁትን መርሳት ነው። ጠያቂው «የምግብ ማድረሻ አፕሊኬሽናችን ላይ የክትፎ ትዕዛዝ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ አሽቆለቆለ፤ ለምን ይመስልሃል?» ይላል እንበል። ልጁ እናቱ በቅበላ ማግስት የሥጋ ድስቷን አጥባ እንደሰቀለች ያውቃል። እሱም ራሱ ጠዋት ሽሮ ቀምሶ ነው የመጣው። ግን «ጾም ገባ እኮ!» ቢል አለቀለት። ፍሬምወርክ የለውማ! ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ «አንድሮይዱንና አይፎኑን ለይቼ አያለሁ፤ ተፎካካሪ ዋጋ ቀንሶ እንደሆነ አጣራለሁ፤ አዲሱ ቨርዥን ላይ ችግር ካለ ኢንጂነሮቹን እጠይቃለሁ» ይላል። ይቀጠራል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ይመረምራል። ፋሲካ ሲደርስ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ ልጁም ሲቪው ላይ «የትዕዛዝ መቀነስን ችግር ለይቶ የፈታ» ብሎ ያሰፍራል።

እንዲህ ያለው ሊቅ በየካቲት 2015 ቢኖረን ምንኛ በተጠቀምን። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ የአዲስ አበባ ሰው የሚገባው በቪፒኤን ነበር። ዳሽቦርድ ላይ ለሚያይ ሰው እንግዲህ የልደታ ነዋሪ በአንድ ሌሊት ጓዙን ጠቅልሎ ኔዘርላንድስ ገብቷል። በደንብ ያጠና ተንታኝ ይህን ሲያይ ማን ምን እንደዘጋ አይጠይቅም። «አውሮፓ ላይ እያደግን ነው፤ የማስታወቂያ በጀቱ ወደዚያ ይዙር» ይላል። ቪዛ ሳይጠየቅ እንደዚያ በጅምላ የተሰደደ ሕዝብ በታሪካችን የለም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የመጋቢት 2016ቱ ሌሊት ነው። መጋቢት 6 አርብ ማታ አድሮ ለመጋቢት 7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረ፤ ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚቻል የደረሱበት ሰዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ የተናገረው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ነው። አሁን ይህን ታሪክ አውጡና ቁጥሩን ብቻ ለእጩው ስጡት፦ «አርብ ሌሊት የኤቲኤም እንቅስቃሴ ጣሪያ ነካ፤ ምን ትላለህ?» በሴግመንት ከፋፍሎ ይመልሳል። በዕድሜ ወጣቶች፣ በቦታ ካምፓስ፣ በሰዓት እኩለ ሌሊት። ሪፈራሉ አስደናቂ ነው፤ አንዱ ተማሪ ዶርሙን ሙሉ ቀስቅሶ አምጥቷል፤ ያውም ያለ ማስታወቂያ ወጪ! «ምርቱ ገበያውን አግኝቷል፤ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ካምፓሶች ይስፋ» ብሎ ይደመድማል። ባንኩ በበኩሉ ፍሬምወርክ ስላላጠና ብሩን ላልመለሱት ስማቸውንና ፎቷቸውን ቅርንጫፍ በር ላይ ለጠፈ። እኔ ካየኋቸው ዳሽቦርዶች ሁሉ ሰው ቆሞ ያነበበው ያንን ብቻ ነው።

ወደ ግምት ጥያቄው እንምጣ፤ እሱ ደግሞ የኢንተርቪው ዘውድ ነው። ፈረንጆቹ «ቺካጎ ውስጥ ስንት የፒያኖ ቃኚ አለ?» ይላሉ። እኛ «ልደታ ውስጥ ስንት የጀበና ቡና መሸጫ አለ?» ብለን አገርኛ አደረግነው። እጩው ነጭ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። «የአዲስ አበባ ሕዝብ 5 ሚሊዮን ነው ብለን እንነሳ» ይላል። ከየት አመጣኸው የሚለው የለም፤ አገሪቱ ራሷ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም ሲራዘም እዚህ ደርሰናል። 1999 ላይ ከተማዋ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ኢንተርቪው ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ለማንኛውም 5 ሚሊዮኑ በክፍለ ከተማ ይካፈላል፣ በቤተሰብ ይካፈላል፣ ቡና በሚጠጣው ይባዛል፣ በረከቦት ይካፈላል፤ 1,340 ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሀል መስኮቱ ክፍት ነው። ታች፣ ከፎቁ ሥር፣ ሳር ጎዝጉዘው፣ ዱካ ደርድረው ሴቶች ቡና ይቀዳሉ። ወርዶ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ሠፈሩም ያን ያህል አይሰፋም። ወርዶ የቆጠረ እጩ ግን ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል።

ጠያቂዎቹንም ማመስገን ይገባል። ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ከሰው ኃይል፣ አንዱ ከአይቲ፣ አንዱ ስልኩን የሚነካካ ኃላፊ። ጥያቄውን ያወረዱት እጩው መልሱን ካወረደበት ቻናል ነው። ስለዚህ እነሱ ገጽ 14ን ይጠይቃሉ፣ እሱ ገጽ 15ን ይመልሳል፣ ሁሉም በፍቅር ይለያያሉ። አንዳንድ አስቸጋሪ ልጅ «ዳታው የት ነው የሚቀመጠው? ማነው የሚያስገባው? ላየው እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ባሕርዩ ያልተገራ ስለሆነ «እንደውልልሃለን» ይባላል። ከፍርድ ቤቱ ጎን ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች «መቼ ነው የሆነው? ማን ነበረ? ወረቀቱስ?» ሳይሉ ብዕር አያነሱም። ለዚህ ሥራ የማይበቁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ኢንተርቪው ላይ በጣም የሚወደደው ሌላው መልስ «ተመዝጋቢ ቁጥር ባዶ ክብር ነው፤ ዋናው ንቁ ተጠቃሚ ነው» የሚለው ነው። እውነትም ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እንኳ ደንበኛዬ ብሎ የሚቆጥረው በ90 ቀን ውስጥ የተጠቀመውን ነው። እጩው ይህን ሲል ጠያቂዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ። ሰኞ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የዘጠኝ ወሩን ሪፖርት ማዘጋጀት ነው፤ ሪፖርቱም የሚፈልገው ተመዝጋቢውን ነው። ተመዝጋቢ ደግሞ ይደመራል እንጂ አይቀነስም፤ ስልኩ የጠፋበት፣ አገር የለቀቀው፣ ነፍሱን ይማረውና ያረፈውም አለበት። አንዱ በሦስት ሲም ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ፓወር ቢአይ ተምሮ የመጣው ልጅ ከየቅርንጫፉ የመጣውን ኤክሴል አንድ ላይ ይለጥፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቀስቷን ወደ ላይ ያዞራታል።

ተስፋ ግን አለን። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ዳታ ሳይንስንም ያስተምራል፤ ውጤቱም በተመዘገበውና ሰርተፊኬት በወሰደው ሰው ብዛት ይነገረናል። የወንበዴው ሜትሪክ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነን ማለት ነው፤ ሬቨኑ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

ለእጩዎች አንድ ምክር ልጨምር። የኤስኪውኤል ፈተናው ላይ አይቀሬዋ ጥያቄ «ከሠራተኞች ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለተኛውን ከፍተኛ ደመወዝ አውጣ» የምትለዋ ናት። በቃላችሁ ያዟት፤ አገር ምድሩ ይጠይቃታል። ሥራ ፈትቶ ዓመት የሞላው ልጅ የማያውቃቸውን ሰዎች ደመወዝ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ደርድሮ፣ የመጀመሪያውን ዘሎ፣ ሁለተኛውን ሳይሳሳት ያወጣል። ከዚያ ጠያቂው ወረቀቱን ይሰበስብና «አንተስ ስንት ትጠብቃለህ?» ይለዋል። ልጁ የከተማውን ጀበና በቃሉ ያባዛ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ቁጥር የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን ብሎ የወጣው ማስታወቂያ ላይ የትምህርት ደረጃ አለ፣ የልምድ ዓመት አለ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛትም አለ። የደመወዙ መስመር ላይ የተጻፈው «በስምምነት» ነው።