ሙያ በልብ ነው፦ የጤና ባለሙያ ሲቪ አዘገጃጀት

ለጤና ሥራ የሚቀርብ ሲቪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሙያን የሚናገርና ሙያን የሚደብቅ። የመጀመሪያው ብርቅ ስለሆነ እዚህ የሚብራራው የሁለተኛው አዘገጃጀት ነው። ለዚህ ጥናት ከጁባው ቶንፒንግ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ሰፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጊቢ፣ የረድኤት ድርጅት ቢሮዎችና ሆቴሎች ተጎራብተውበታል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ከወጣች ወዲህ የአገሪቱ ጤና አገልግሎት በአመዛኙ በለጋሾች ገንዘብ የቆመ ነው። ስለዚህ ነርሱም፣ አዋላጇም፣ ጤና መኮንኑም ሥራ የሚለምኑት ከሕሙማን ደጃፍ ሳይሆን ከዘበኛ ደጃፍ ነው። ኢትዮጵያዊው ባለሙያም ፖስታውን በብብቱ ይዞ እዚያው ይቆማል።

ዝግጅቱ በርዕስ ይጀመራል። «ካሪኩለም ቪቴ» የሚለው በገጹ አናት በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይሰመርበታል፤ አለዚያ አንባቢው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ሊመስለው ይችላል። ከዚያ ጾታ፣ የትውልድ ዘመን፣ የትዳር ሁኔታና ሃይማኖት ይደረደራሉ፤ ጥግ ላይ ሱፍ የለበሰ ጉርድ ፎቶ ይለጠፋል። ከረባቱ የፎቶ ቤቱ ቢሆን ነውር የለበትም። የሙያ ፈቃድ ግን ቦታ ያጣብባል ተብሎ ይታለፋል። በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነርሷ ማግባት አለማግባቷን ካወቀ ሌላ ምን ይፈልጋል?

«ዓላማ» የሚባለው አንቀጽ አይጻፍም፤ ይገለበጣል። «ዕድገት በሚሰጥ ተቋም ውስጥ ተቀጥሬ ዕውቀቴን ማበልጸግ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲሻገር ስንት ሰው እንዳስቀጠረ አይታወቅም። ኮምፒዩተር ቤቱ በአንድ ፋይል ላይ ስም እየቀያየረ ስለሚያትም፣ አንዳንዴ በፋርማሲ ባለሙያው ሲቪ ሦስተኛ ገጽ ላይ የአዋላጇ ስም ሳይነሳ ይቀራል። ሁለቱም «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብለው የለ? ማስረጃው ይኸው።

የጥበቡ እምብርት የሥራ ልምድ ነው። እዚህ ላይ አበው «ሙያ በልብ ነው» ያሉት ቃል በቃል ይተገበራል፤ ሙያው በልብ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ላይ «በንቃት ተሳትፌአለሁ» ብቻ ይሰፍራል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ በምግብ እጥረት ሕክምና ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርታ ይሆናል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት እንዳለበት ታውቃለች፤ ልኬቱን ከወሰደች በኋላ የሁለቱንም እግሮቹን እብጠት በአውራ ጣቷ ተጭና ታያለች፤ ተጓዳኝ ሕመም ያለበትንና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋውን አስተኝታ ኤፍ 75 የተባለውን ወተት በትንሽ በትንሹ ትጀምርለታለች። ይህን ሁሉ ብትጽፍ አንባቢው ሥራውን እንደምታውቅ ይረዳ ነበር። ስለዚህ «በሥርዓተ ምግብ ዘርፍ የላቀ ልምድ» ብላ ታልፈዋለች። ወተቱን በቢሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ያየው ጎረቤቷም እዚያው ቃል ላይ ያገኛታል። እኩልነት ሰፈነ።

ኮሌራም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ጁባ ውስጥ ወረርሽኙ በይፋ ሲታወጅ፣ ፈሳሹ ተሟጦ ለወደቀ አዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በሦስት ሰዓት ውስጥ የሰጠ እጅ፣ የመጀመሪያውን 30 ደግሞ በግማሽ ሰዓት ያንቆረቆረ እጅ፣ በሲቪው ላይ «የድንገተኛ ጊዜ ምላሽ» የምትል ሁለት ኢንች መስመር ይዞ ይቀርባል። የአልጋ ብዛት፣ የፈረቃው ሰዓት፣ በሥሩ የነበሩት ሠራተኞች ቁጥር አይነሳም። ቁጥር ያጋልጣል፤ ዝም ባለ አፍ ደግሞ ዝንብ አይገባም።

ባዶ የቀረውን ቦታ ሰርተፊኬት ይሞላዋል። የግማሽ ቀን ገለጻ «ዓለም አቀፍ ሥልጠና» ይባላል፤ አበል ተከፍሎበት ከሆነማ በደማቅ ቀለም ይጻፋል። ላሚኔት የተደረገው ወረቀት ሲቪውን ባያሳምረውም ያከብደዋል፤ ቀጣሪውም ሲቪ በሚዛን የሚቀበል ይመስላል። እርሱ ራሱ «ጫና ተቋቁሞ የሚሠራ፣ ተነሳሽነት ያለው» ብሎ ያወጣውን ማስታወቂያ አመልካቹ ቃል በቃል ሲመልስለት በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ የራሱን ድምፅ የገደል ማሚቶ እየሰማ «ብቁ ነው» ይላል።

የውጭ ዜጋ ሲቪ አንድ ተጨማሪ ውበት አለው፤ «ዜግነት» የሚለው መስመር ከሙያው በላይ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 የደቡብ ሱዳን የሠራተኛ ሚኒስቴር ድርጅቶች የውጭ ሠራተኞቻቸውን በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በዜጎች እንዲተኩ ሰርኩላር አውጥቶ፣ ጩኸት ሲበዛ ማለዘቢያ ማብራሪያ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ለውጭ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ 10,000 ዶላር ተጠይቆ ነበር፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ይህን ያየ ጠንቃቃ አመልካች ሲቪው ላይ ስለ ሕሙማን የሚጽፈውን አሳጥሮ ስለ ፓስፖርቱ የሚጽፈውን ያስረዝማል።

በመጨረሻ ምስክሮች ይመጣሉ። ስልካቸው የማይሠራ፣ ወይም ሲደወል «ማን?» የሚሉ ቢሆኑ ይመረጣል፤ «ሲጠየቅ ይቀርባል» ማለትም ያስኬዳል። ከሥሩ «ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚል መሐላ ይከተላል። ይህ መሐላ ሐሰት አይደለም፤ ከላይ ምንም አልሰፈረምና። ጠቅላላው ፖስታ ለዘበኛው ይሰጣል፤ ዘበኛውም በካርቶን ውስጥ ይጨምረዋል። ማስታወቂያዎቹ እንደሚያስጠነቅቁት አንዴ የገባ ማስረጃ አይመለስምና፣ ዋናው ዲፕሎማ ቤት ይቀመጥ፤ የሚገባው ቅጂው ነው።