ካታንጋን በምን እንጫናት?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ቀይሮ የሚያውቅ ሰው፣ ቁም ሳጥን በገባበት በር እንደማይወጣ ያውቃል። እንዴት እንደገባ የሚያስታውስም አይገኝም። አይሱዙው ውጭ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ተሸካሚዎቹ "ይፈታ!" "አይፈታም!" ይባባላሉ፣ አከራይዋ ደግሞ አምፖል ነቅለህ እንዳትሄድ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁሃል። እኔ ይህን ሁሉ አምስት ጊዜ አይቻለሁ። ቁልፉን ላልተረከብኩት ቤት እንቅልፍ ሳጣ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቱ ቦሌ በኩል የሚሠራው አደይ አበባ ስታዲየም ነው። ግንባታው በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል ተባለ። ወሬው ሲደርሰን እኔና ጋሼ ስታዲየም አካባቢ ከምናዘወትራት ቡና ቤት ነበርን። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከለገሃር እስከ ስታዲየም በር ያለውን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱታል። ጋዜጣውን አነበብኩላቸው፤ ስልሳ ሺህ፣ ዘመናዊ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ። አዳመጡና ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"ስንት ደረጃ ያስወጣል?"

"እሱን አልጻፉም፣ ጋሼ።"

"ይጻፉ እንጂ! የምጠይቀው እኔ አይደለሁም፤ ጉልበቴ ነው።"

ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ቀኝ ክንፍ ይጫወታል፤ ግራ እግሩም መጥፎ አይደለም። እኛ ግን አሁንም እዚያችው ቡና ቤት ነን። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የሚጠብቅ ሰው ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ዕጣው ሳይወጣለት መጋረጃ ይመርጣል፤ አራተኛ ፎቅ ከደረሰን ውሃ ይወጣ ይሆን እያለ ሚስቱን ያስጨንቃል። እኛም እንደዚያው ሆነናል። ላም አለኝ በሰማይ ብላችሁ ብትተርቱብን አንቀየምም፤ ብቻ ላሟ የወረደች ቀን በረቱ የት እንደሆነ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ስታዲየም መቀመጫ ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። ስሞቹን ብቻ ሰምቶ የከተማዋን ኑሮ መረዳት ይቻላል። ክቡር ትሪቡን የተቀመጠ ሰው አይጮህም፤ ያጨበጭባል። ከማን አንሼ ደግሞ ስሟ ራሱ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ምን ልጨምርበት? ሚስማር ተራ ለምን ሚስማር እንደተባለች በየቡና ቤቱ ይከራከራሉ። እኔ ቆሜባት ስለማውቅ አልከራከርም፤ የደርቢ ቀን ተመልካቹ በመዶሻ ተመትቶ የገባ ነው የሚመስለው፣ አንዱን ለመንቀል ጉጠት ያስፈልጋል። ካታንጋ ስሟን ከኮንጎዋ ግዛት ጋር ትጋራለች። በ1950ዎቹ የዚያችኛዋ ጦርነት የዓለም ዜና ነበር፤ የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሆነው ኮንጎ ዘምተዋል። ለእኛዋ ካታንጋ ግን ሰላም አስከባሪ ተልኮላት አያውቅም።

ደግሞ ካርቶኑ አለ። ሲሚንቶ ጠዋት ይበርዳል፣ ከሰዓት ይጠብሳል፤ ስለዚህ ከበር ላይ ካርቶን ትገዛለህ። ትቀመጥበታለህ፤ ፀሐይ ሲከር ትጠለልበታለህ፤ ዳኛው ሲያጠፋ ጠቅልለህ ጡሩምባ ታደርገዋለህ። ጎል ሲገባ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ሲወርድ የማን ካርቶን የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ርስት ይደባለቃል። አንድ ቀን የደረሰኝ ካርቶን "በጥንቃቄ ይያዝ፤ ይሰበራል" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ያን ቀን ቡድኔ አራት ለባዶ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ አልገዛም።

ጋሼ ካታንጋ ላይ ጫፉ የተሸረፈ ደረጃ አላቸው። አላቸው ስል በካርታ አይደለም፤ በይዞታ ነው። አርባ ዓመት ተቀምጠውበታል። ስታዲየሙ ለእድሳት የተዘጋ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ ሣሩና ስለ መልበሻ ቤቱ ሲያወራ እርሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሽርፏን ይደፍኗት ይሆን?"

ፍቅራቸው የሚጀምረው ከዚያም በፊት ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከግብፅ ጋር። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ወጣን፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሲሰጡ ጋሼ ውጭ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው አይተዋል። እዚያች ዛፍ ላይ ነበርን የሚሉ ሌሎች አራት አዛውንት አውቃለሁ። ዛፏ ዋርካ ብትሆን ነው። ውስጥ ነበርኩ የሚለውን ሰው ሁሉ ከቆጠርን ደግሞ አደይ አበባም አይበቃውም።

የእኔ ዛፍ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ናት። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ሁለት አግብተን ካልገባብን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እናልፋለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ስሰለፍ ከፊቴ ጋቢ ለብሰው ያደሩ ነበሩ። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ሲደግም ምን እንዳየሁ አልነግራችሁም፤ አላየሁትማ! ዓይኔን ስገልጥ አራት ደረጃ ወርጄ የማላውቀው ሰው ደረት ላይ ነኝ። ሰውየው እያለቀሰ ጆሮዬን ይስማል። አንድ እግር ጫማዬ የለም። ጨዋታው ሲያልቅ የተረፈ ጫማ ከፍ አድርገው እንደ ሐራጅ የሚጣሩ ሰዎች ነበሩ፤ "ጥቁር፣ ቀኝ፣ 41!" የእኔ ግራ፣ 42 ነው። ቤቴ በካልሲ ገባሁ። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አሸነፋችሁ ማለት ነው" አለች።

እንግዲህ ይኼ ነገር በወንበር ቁጥር ይሆናል ወይ? ነው ጥያቄዬ። ረድፍ 14፣ ወንበር 27 ላይ የተቀመጠ ሰው አራት ደረጃ ወርዶ ሰው ደረት ላይ አይገኝም። ቢገኝም ትኬት ይጠየቃል። ሚስማር ተራ ላይ ጎረቤቶቼን የምመርጠው እኔ ነበርኩ፤ አንድ አሰላለፍ የሚያውቅ፣ አንድ ሱፍ የያዘ፣ አንድ ዳኛውን የሚሰድብልኝ። እኔ በአፌ ቁጥብ ነኝ። ይህን ድልድል ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል? የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊን ጎን ለጎን ቢያጋባስ? በዚያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሳለ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ወንበሬ ላይ ነህ" የሚል አርፍዶ የመጣ ሰው አለ። እሱን ሰውዬ በሕልሜ አይቼዋለሁ። ክራቫት አስሯል።

ተስፋ የለኝም ግን አልልም። ሐምሌን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ኳስ ያየ ሰው ጣሪያ አይጠላም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ደጋፊ ደግሞ አዲስ ስታዲየም ሲባል የሚያስበው ስለ ሽንት ቤቱ ነው። ጋሼ በእርሳስ ሶፍት ላይ አስልተውታል። እረፍት 15 ደቂቃ ነው፤ ስልሳ ሺህ ሰው ሲካፈል በደቂቃ 4 ሺህ። "መሐንዲሶቹ ይህን ካሰቡበት" አሉ፣ "ጎሉን እነሱ ያግቡት፤ እኔ አጨበጭባለሁ።"

ቤት መቀየር ምን እንደሚያስከትል እኔ በቴሌቪዥን ተምሬዋለሁ። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ይቅርታ አልጠይቅበትም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ1913 የገባበትን ሃይበሪን በ2006 ሲለቅ የመጨረሻውን ጨዋታ ዊጋንን 4 ለ 2 አሸነፈ። ልብ በሉ፣ የ1954ቱ ውጤት ነው። ቴሪ ሄንሪ ሦስት አገባና ተንበርክኮ ሣሩን ሳመ። እኔም እግሬ ረግጦት ለማያውቅ ሣር ፒያሳ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክለቡ የስታዲየሙን ሰዓት ነቅሎ ወደ ኤምሬትስ ይዞት ሄደ፤ አሮጌው ቤት አፓርታማ ሆነ። ከ38 ሺህ ወደ 60 ሺህ አደግን። ከዚያስ? ከዚያማ ዕዳ መክፈል ነው። ቬንገር ተጫዋች ገበያ ሲወጣ የቤት ዕዳ ያለበትን አባወራ ይመስል ነበር፤ ሥጋ ቤት በር ቆሞ ዋጋ ይጠይቅና ሽሮ ይዞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 የኤፍኤ ዋንጫ አንድም ትልቅ ዋንጫ ሳናይ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። ስለዚህ አዲስ ስታዲየም ሲሉኝ ልቤ ደስ ይለዋል፣ ሆዴ ግን ሽሮ ይሸተዋል።

ቢሆንም የአርሰናል ችግር የባለቤት ችግር ነው። የእኛ ብሔራዊ ቡድን ተከራይ ሆኖ ቆይቷል። ካፍ ስታዲየሞቻችንን መስፈርት አያሟሉም ካለ ወዲህ "የሜዳችን ጨዋታ" የምንለውን ጋናን ጆሃንስበርግ፣ ግብፅን ሊሎንግዌ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ሄደን ተጫውተናል። ሰው ቤት ተከራይቶ እንግዳ እንደመቀበል ነው፤ ዕጣኑ የራስህ፣ ግድግዳው የሰው። ሊጉም በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ ዞረ። ባቡር ጣቢያችን ግን አሁንም ስሙ ስታዲየም ነው፤ ከዚያ ወርደን ቡና ቤት ገብተን ኳስ በቴሌቪዥን እናያለን።

ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ እዚያችው ቡና ቤት ነበርን። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ፤ ብርጭቆ ተሰበረ፣ አስተናጋጇ ሳትቆጣ ቀረች። ጋሼ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። ካሜራው መቀመጫዎቹን ሲያሳይ አብዛኛው ባዶ ነው።

"የዛሬዋን ዛፍ ማን ወጣባት?" አሉኝ።

"ማላዊ ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱን ማለቴ ነው።"

ያን ቀን ነው ስለ አዲሱ ቤት መነጫነጭ በግማሽ የቀነስኩት።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጋሼን ይዤ ቦሌ ሄድኩ። በላዳ ነው የሄድነው፤ ጋሼ መንገዱን ሁሉ ከጨዋታ በኋላ በእግር ስንመለስ የት የት እንደምናርፍ ሲቆጥሩ ነበር። ከለገሃር በእግር መግባት የለመደ ሰው ቦሌን የሚያውቃት አውሮፕላን ሊሸኝ ሲሄድ ነው። አጥሩ ጋ ደረስን። ጋሼ በቆርቆሮው ክፍተት አንድ ዓይናቸውን አስጠግተው ወደ ላይ አንጋጠጡ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። ጥበቃው ብቅ አለ።

"ወዴት ናችሁ?"

"ቤታችንን ልናይ ነው።"

"መግባት አይቻልም፣ አባቴ።"

"መች እንግባ አልኩህ? ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በየት በኩል ነው የምትመታው?"

ልጁ ግራ ገባው፤ ግን በዱላው አሳያቸው። ጋሼ ዱላው ወደጠቆመበት ረጅም ጊዜ አዩ።

"እንግዲያው ካታንጋ እዚያ ጋ ናት" አሉኝ።

ጥበቃው ሳቀ። "እኔ ዳፍ ትራክ ነበርኩ" አለና ባርኔጣቸውን አንስቶ አራግፎ ሰጣቸው። ከዚያ ሦስታችን አጥሩ ስር ቆመን ዳፍ ትራክ ደግሞ የቱ ጋ እንደምትሆን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። አልተስማማንም።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ወንበሩን ቁጥር ስጡት፣ ትኬቱንም በስልክ ሽጡት፣ ክራቫት ያሰረውንም ሰውዬ አስገቡት። ፀሐይ በሚመታው በኩል ካሉት በሮች በአንዱ ላይ ግን "ካታንጋ" ብላችሁ ጻፉልን። ቀለሙን እኛ እናዋጣለን።