ሕዝቡ ሳይፈቀድለት ሲገባው
ሐርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ሻይ ለምታፈላ ሴት የሶማሊውን ገጣሚ የሀድራዊን ግጥም የሚያብራራ ሴሚናር አያስፈልጋትም። ሶማልኛ የላቲንን ፊደል ይፋዊ አድርጎ እስኪመርጥ፣ እስከ 1972 እ.ኤ.አ.፣ ግጥም በቃል ዞረ፤ ቀጥሎ ካሴት ተሸከመው። የከተማዋ የባህል ማዕከል ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች አሉት።

እኛም ሥነ ጽሑፍን በጆሮ ማድረስ ሞክረን ነበር። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘውን ልቦለድ በሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለበዛብህ አዘነ። ሀያሲያኑ ሳይደነግጡ አልቀሩም፤ ሕዝቡ ያለ ፈቃዳቸው ገብቶታላ! መድኃኒቱም አልጠፋም፤ «የትረካው ድኅረ መዋቅራዊ አንጻር» የሚል ወረቀት ተዘጋጀ። አሁን መጽሐፉን ጠንቅቆ ያነበበ ሰው እንኳ ሂሱን ሲጨርስ በዛብህ ማን እንደነበር ይጠራጠራል።

እንዲህ ያለ ወረቀት በሚቀርብበት ግማሽ ባዶ አዳራሽ ውስጥ «ሕዝቡ አያነብም» ተብሎ ይለቀሳል። ለታዳሚው የታደለው ወረቀት እንግሊዝኛ ነው።