የአቶ ዳይት አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች፣ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ አለ፤ ገባ ገባ በሉ። የእድሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ የሟችን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ።

አቶ ዳይት እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ተወለዱ፤ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዘመን ነው። አባታቸው ዊልያም ባንቲንግ ይባላሉ። ሥራቸውን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ልቅሶ ላይ ነን። ቀባሪ ነበሩ! የቤተሰባቸው ድርጅት የእንግሊዝን ነገሥታት ሳይቀር አስቀብሯል። ጆሯቸው አልሰማ ብሏቸው ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፣ «ውፍረትዎ ነው፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ይተዉ» ተባሉ። ተዉ፤ ከሱ፤ ደስ ቢላቸው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ሟች የዚያች መጽሐፍ ልጅ ናቸው።

ከተማችን ሉማሜ የደረሱት በቲክቶክ ነው። ሲመጡም የጮቄ ገበሬ የሚያመርተውን አጃ በፓኬት አሽገው፣ ዋጋውን ሰማይ አስነክተው ይዘውልን መጡ። ዋና ሥራቸው ሙሽራን ቬሎ ውስጥ ማስገባት ነበር። ከሰርጉ ማግስት፣ ገና መልሱ ሳይበላ ሥራ ይለቃሉ።

ሙትን መውቀስ ነውር ቢሆንም ስለ ጠባያቸው አንድ ነገር ልበል። ለብቻቸው ነበር የሚበሉት። ከቤተሰቡ ትሪ አይቀርቡም። አማታቸው «በሞቴ!» ብለው ጉርሻ ቢዘረጉላቸው፣ «ካሎሪው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድሜ እንደማይኖራቸው ያላወቀ ጎረቤት አልነበረም።

ሕመማቸው የዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን ስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ አኖሯቸው። ሰዎቹ ከሱ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት እስከመሰብሰብ ደረሱ። ገደቡ ሲነሣ ቢበሉ ቢበሉ አልጠግብ አሉ፤ የጠፋው ስብም ትርፍ ይዞ ተመለሰ። የእኛም ሟች በበዓለ ኀምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት፣ አንድ ሳህን ዱለት ፊት ለፊት ቁጭ እንዳሉ ዐረፉ።

ጾምን የሟች ዘመድ የሚያደርጉ አሉ። ዝምድና የላቸውም። ሁዳዴ 55 ቀን ሆና በየዓመቱ የምትዘልቀው ሚዛን ላይ የሚወጣባት ስለሌለ፣ አገሩ ሁሉ አብሮ ስለሚይዛት፣ ሽሮና ምስሩም ከየቤቱ ስለማይጠፋ ነው። (ጾሙ ሲፈታ የምናደርገውን አላነሣም፤ የንስሐ አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።)

አሁን የምትዘግኑትን ንፍሮ እስኪ ተመልከቱት። ሙሉ ፍሬ ስንዴና ሽምብራ ነው፤ ዘይት የለበት፣ ስኳር የለበት። ሟች ዕድሜ ልካቸውን ከባሕር ማዶ ሲያፈላልጉት የኖሩት ይህንኑ ነበር። ጤፋችንም ደቃቃ በመሆኗ ከነገለፈቷ ነው የምትፈጨው። ጉዳችን ግን ያለው ስኒው ውስጥ ነው። የእድራችን ዳኛ የሻያቸውን ስኳር ከአራት ማንኪያ ወደ አንድ ሲያወርዱ ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ ጎመኑንም ከፋሲካ በኋላ ሳይቀር ከገበታቸው አላጠፉም። ለማንም አላወሩም፤ ያጋለጧቸው ባለቤታቸው ናቸው፣ የስኳሩ ወጪ ቢቀንስባቸው ጊዜ።

በመጨረሻ የገንዘብ ያዣችን ማሳሰቢያ አለ። አቶ ዳይት ከዚህ ቀደምም ደጋግመው ሞተው፣ ደጋግመው ተቀብረው፣ መስከረም 1 ሲሆን ተነሥተዋል። ደንባችን ለአንድ ሟች የሚፈቅደው አንድ ድንኳን ብቻ ነው። ለዕንቁጣጣሽ በር አንኳኩተው «አሁንስ የምሬን ነው» ቢሏችሁ ማስገባት መብታችሁ ነው፤ የሚቀጥለውን ድንኳን ግን ያስገባቸው ቤተሰብ ከኪሱ ይከራያል።