ኮፒ ይባልልኛል!

የዛሬ ልጅ ሁሉ ነገር ፋይል ይመስለዋል። የልጅ ልጄ የአክስቱን የ1998 ዓ.ም. ሠርግ ከሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ፣ ቆራርጦ ቲክቶክ ላይ ሊለቀው አማረው። «አባባ፣ ሰክቶ ኮፒ ማድረግ እኮ ነው!» ይለኛል። ኮፒ ይባልልኛል!

ዩኤስቢውን ሰካ። ምን አገኘ? ደብዘዝ ያሉ ፎቶዎች። የእኛ ካሜራ ዩኤስቢው ለፎቶ ነው፤ ቪዲዮው የሚወጣው በፋየርዋየር ነው፣ ሶኒ አይሊንክ የሚለው። ይኼን ቀዳዳ የዛሬ ላፕቶፕ አያውቀውም። ፋየርዋየርን ለዓለም ያስተዋወቀው አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሲስተም ጭራሽ ትቶታል። አየር ጤና ያለ የሞባይል ሱቅ ገብቼ ኬብሉን ብጠይቅ፣ ልጁ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ታይፕ ሲ ነው፣ አባት?» አለኝ። ደግነቱ መርካቶ አለ፤ ምናለሽ ተራ የፋየርዋየር ካርድ ያለበት ያረጀ ዴስክቶፕ ከነኬብሉ፣ ከነአቧራው ተገኘ።

ኬብሉ ተገኘና ተገላገልን? የት ተብሎ! ካሴት እየተጫወተ ነው የሚገለበጠው። የ1 ሰዓቱ ካሴት 1 ሰዓት ይፈጃል፣ 13 ጊጋ ገደማም ይውጣል። «ማፍጠን አይቻልም?» አይቻልም፣ ተቀመጥ! ደግሞ የካሜራው ሄድ ቆሽሾ የሙሽራዋ ፊት አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን እየሆነ ይበጣጠሳል። ማጽጃ ካሴት ፈልጉ ደግሞ።

የዚያን ዘመን ቪዲዮ ቀራጭ መቼም ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹን ትቶ ከተመጋቢው ጋር ነው የሚውለው። ያንን ዓይን የሚያጠፋ መብራቱን ፊትህ ላይ ደቅኖ፣ እንጀራውን ጠቅልለህ፣ ጎርሰህ፣ አላምጠህ፣ ውጠህ እስክትጨርስ ንቅንቅ አይልም። አንዱን ሲጨርስ ወደ ጎረቤትህ ይዞራል። ያን ሁሉ አገር ሲበላ አብረን አየን። ልክ ኬኩ ሊቆረስ ሲል መብራት ሄደ። ካሜራው ባትሪ ስላለው ሠርጉን ቀጠለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ አለ። መብራቱ እስኪመጣ ጠበቅን፣ ካሴቱን አጠነጠንን፣ እንደገና ከምግቡ ጀመርን።

በስንት መከራ ተገለበጠ። ልጁ ከዚያ ሁሉ ሠርግ የፈለገው ለካ 15 ሴኮንድ ኖሯል፤ ኬኩንም አይደለም፣ አክስቱንም አይደለም። እኔን ጉርሻ ሲያንቀኝ።