ሰዓቱን የማያዛንፍ አረም

ድሬዳዋ ላይ ሣር ማሳደግ ድፍረት ይጠይቃል። ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ ሰውን ወደ ጥላ፣ ጥላ ያለውን ደግሞ ወደ ፍራሽ ትነዳለች። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ግን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ፤ ሰፈርተኛው «ጋሼ» ይላቸዋል። ከወረቀት አበባው ሥር የተከሏትን ሰርዶ ማለዳ ማለዳ ያጠጣሉ። የጎረቤት ልጅ ከረገጣት ፊሽካ ሊነፉ ምንም አይቀራቸው።

የጋሼ ጠላት ቅንጬ አረም ነው፤ ባለሙያዎቹ ፓርቲኒየም የሚሉት። ትውልዱ ከወደ ሜክሲኮ ሲሆን በድሬዳዋና በሐረርጌ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። ግማሹ ሰው በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደር መኪና ጋር ገባ ይላል፤ ግማሹ ከእርዳታ ስንዴ ጋር። በምንም ይምጣ፣ ድሬ እንግዳ በመመለስ አትታማም፤ እሱም ቀረ።

ጠባዩ ግን የድሬ ልጅ አይደለም። የነካውን ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ አስም ይቀሰቅሳል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ሳይታረም የተተወ ማሽላ እስከ 97 በመቶ ምርቱን አጥቷል። ካርቶን ስትቆረጥም የምትውለው የድሬ ፍየል እንኳ አሽትታው ታልፋለች።

ጋሼ መጀመሪያ በማጭድ ዘመቱበት። ከጉቶው ቅርንጫፍ ጨምሮ ተመለሰ። ቀጥለው ጨው በተኑበት፤ ጨው የነካት ሰርዶ ሞተች፣ ዝናብ ጨውን አጥቦ ሲወስደው ራቁቱን የቀረውን መሬት ቅንጬው ወረሰው። በመጨረሻ መንቀል ነው አሉ። ልክ ናቸው፤ ችግሩ ቀጠሮው ላይ ነው። ጠዋት ማጠጣት አለ፣ ከምሳ በኋላ የጫት በርጫ አለ፣ በርጫው ላይ ደግሞ አረሙ ከነሥሩ በወሬ ይነቀላል። «አቦ፣ ነገ እናጠፋዋለን!»

አረሙ ነገ የሚባል አያውቅም። ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አንዱ ተክል 15,000 እና ከዚያ በላይ ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ዘገየ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ሰዓቱን የማያዛንፍ ነገር ደጃቸው ላይ በቀለባቸው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ወለንጪቲ ላይ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ መለቀቁን ሲሰሙ፣ «ለእኔም ሁለት ይላኩልኝ» ብለው ነበር። ጥንዚዛው ለሰፊ ሜዳ የታሰበ ነው፤ የጋሼን ግቢ ሊያርም አይመጣም።

እናም ግቢያችሁ ውስጥ ቅንጬ ካለ፣ ዝናብ አፈሩን ባራሰ ማግስት፣ ነጩ አበባ ሳይታይ፣ ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ አድርጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ቶሎ ሰርዶ ትከሉ። ዘሩ በጎርፍም በጎማም ይመጣልና ከአጥሩ ውጭ ያለውንም አትለፉት። ብቻ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ብላችሁ አትቅጠሩ።