የጣት ፍርድ

ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ዓይን በሊቃውንት ዘንድ ብዙ የተመሰገነ፥ ጆሮም የሃይማኖት በር ነው ተብሎ የተከበረ ሲሆን፥ ጣት ግን ጉርሻ ከመጠቅለልና ቅማል ከመፈለግ ያለፈ ማዕርግ ሳይሰጠው እስከዚህ ዘመን ደርሷል። ይሁን እንጂ ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ወርዶ፥ በአፋር ግመል ነጂና በደጋ እህል ነጋዴ መካከል ተጋፍቶ፥ ፍንጃል የሚመርጡትን እናቶች ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ በዚህ ዓለም የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የአውራ ጣት ጫፍ መሆኑን ሳይረዳ ወደ ቤቱ አይመለስም። እናቲቱ ፍንጃሉን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታየዋለች፥ በጥፍሯ ቀጭ አድርጋ ድምፁን ታዳምጠዋለች፤ ይህ ሁሉ ግን ነጋዴው እንዲፈራት የሚደረግ ሥነ ሥርዓት እንጂ ምርመራ አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው አውራ ጣቷን በከንፈሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ስታዞር ነው፤ ያን ጊዜ «ይኼስ አፍ ያቃጥላል» ትልና ታስቀምጠዋለች፤ እንዴት እንዳወቀች ብትጠይቋት ግን ነገረኛ ትላችኋለች እንጂ መልስ አትሰጣችሁም።

ይህን ሐተታ ማስቀደሜ ስለ ፍንጃል ለመጻፍ አይደለም። ብዙ የአገራችን ሰው ከሰፈረበት ከሚኔሶታ የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ወደ ከሚሴ በመጣ ጊዜ፥ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ጫማና መድኃኒት ይወጣበታል ብሎ ዓይኑን የጣለበት ትልቁ ሻንጣ ሲከፈት፥ ከዳር እስከ ዳር ክብ የፕላስቲክ ዝርግ ዕቃ ተደርድሮበት ተገኘ፤ እናቱም አንዱን አንሥታ ካገላበጠች በኋላ፥ «ክዳኑንስ አመጣኸው፥ ድስቱን የት ጥለኸው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ከደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤቴ ሐጂም በኦሮምኛ «ኩን ማሊ?» አሉ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ምንነቱን ሁላችንም አላወቅነውም ነበር።

ነገሩ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ መሣሪያ ነው። ባለጠጎች በተላጨ ሣር ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡበትን ጎልፍ ስሙን የሰማ ብዙ ነው፤ በዚህኛው ግን በኳሱ ፈንታ ዲስክ ይወረወራል፥ በጉድጓዱም ፈንታ ሰንሰለት የተንዠረገገበት የብረት ቅርጫት በዓምድ ላይ ይቆማል፥ በጥቂት ውርወራ ያደረሰም ይረታል። የጨዋታው አባት ተብሎ የሚጠራው ኤድ ሄድሪክ፥ ፍሪዝቢ የተባለውን መወርወሪያ ለዓለም በሸጠው በዋም-ኦ ኩባንያ ሲሠራ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ በተባለው መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቋቋመ፥ በማግሥቱ ዓመት የተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ፥ ባለሰንሰለቱንም ቅርጫት ፈለሰፈ፤ በ2002 ከዚህ ዓለም ሲለይም፥ በተናዘዘው መሠረት አስከሬኑ ተቃጥሎ፥ ዐመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «አስተግፊሩላህ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያም በሻንጣው ላይ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ፥ «ከእኒህ ውስጥ ሰው ያለበት የትኛው ነው?» አሉት። ልጁ አንድም ሰው እንደሌለበት በብዙ መሐላ እስኪያረጋግጥላቸው ድረስ አንዱንም አልነኩም።

ዲስኩ ሁሉ ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ግብሩ ልዩ ልዩ ነው። ዴቭ ዱኒፔስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ጠርዙ ወደ ውጭ እየቀጠነ የሚሄድ ዲስክ ካወጣ ወዲህ፥ ሩቅ የሚወረወረው አየሩን ሰንጥቆ የሚሄድ ቀጭን ከንፈር ሲሰጠው፥ ፑተር የሚባለው ግን ከንፈሩ ዱልዱም፥ ጓዳውም ጠለቅ ያለ ሆኖ ቀረ፤ ሥራው መክነፍ አይደለምና፥ ቅርጫቱ አጠገብ ሲደርስ ዝግ ብሎ ቀጥ ብሎ ሄዶ፥ ቢስት እንኳ ብዙ ሳይርቅ እዚያው እንዲወድቅ ነው። ከቅርጫቱ 10 ሜትር ክልል ውስጥ ሆኖ የሚወረውር ሰው ዲስኩን ከለቀቀ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደ ፊት መራመድ አይፈቀድለትም፤ ይህ ሕግ በስብሰባ ላይ ለሚናገሩትም ቢወጣ መልካም በሆነ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ከያዘው ውስጥ ከደርዘን የማያንሰው ይኸው ፑተር ነው። አንድ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ይህን ያህል ለምን እንደ በዛ ስጠይቀው፥ «አጎቴ፥ እጄ ገና አላመነችም» አለኝ፤ እኔም በቅኔ ቤት ጉባኤ ዘርግተው ዕድሜያቸውን ከፈጸሙት መምህራን አንዱ ስለ አንዲት ሰምና ወርቅ እንዲህ ያለ መልስ እንደ ሰጡኝ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ሰማሁት።

የክርክሩ ሁሉ ሥር ከፑተሩ ከንፈር ግርጌ ዙሪያውን የምትሄድ፥ ተጫዋቾቹ ዶቃ የሚሏት ቀጭን ጉብታ ናት። ዶቃ ያለው አለ፥ ዶቃ የሌለውም አለ፤ አንድ ኩባንያ ሳይቀር አንዱን መልክ ከነዶቃው ጀጅ፥ ያለ ዶቃው ዋርደን ብሎ ለሁለቱም ወገን ይሸጣል፤ ነጋዴ በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ከቶ አያዳላም። ልጁ የነገረኝን በእኛ በመምህራኑ ሥርዓት ብተረጉመው እንዲህ ይወጣል፦ ዶቃ አለችው፥ ጣት ታርፍበት ዘንድ፥ ሲለቀቅም ሁልጊዜ ከአንድ ሥፍራ ይለቀቅ ዘንድ፤ አንድም ዶቃ አለችው፥ በቀኝ እጅ ከግራ ትከሻ በኩል ሲወረወር ነፋስ ወደ ቀኝ እንዳይገለብጠው፥ ጸንቶ ወደ ግራ ይመለስ ዘንድ፤ አንድም የለችውም፥ ለስልሶ ከእጅ ይወጣ ዘንድ፥ ከመውረዱም አስቀድሞ ጥቂት ይንሳፈፍ ዘንድ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው፥ ሁለቱም ወገን በየዓመቱ ያሸንፋል፥ ማንም ማንንም አላሳመነም። እኔም ይህን ለመቁረጥ በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ እንዳደረጉት ያለ የሃይማኖት ጉባኤ ሳያስፈልግ አይቀርም ብል፥ ሐጂ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፥ «እሱን ተወው፤ ያ ጉባኤ ሲያልቅ ለእኛ ምን እንደ ተረፈን አንተም ታውቃለህ» አሉኝ፤ በእውነትም የወሎ እስላም ያን የግድ ጥምቀት ዘመን የሚያስታውሰው እንደ ቅኔ ተማሪ አይደለምና፥ ምሳሌዬን ተውሁት።

ማኅበሩ ያወጣው ሕግ በሚሰፈረው ነገር ሁሉ ላይ ጥንቁቅ ነው። የዲስኩ ስፋት ከ21 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፥ ክብደቱ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ስፋት ከ8.3 ግራም እንዳይበልጥ፥ የጠርዙም ውፍረት ከ2.6 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ ስለዚህ 21.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑተር ቢከብድ ቢከብድ 176 ግራም አይሞላም። ይህን ሁሉ የወሰነው ሕግ ስለ መዳፍ ተድላ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ርካሹ ፕላስቲክ ለስላሳና ያዝ የሚያደርግ ሆኖ ሰንሰለቱን ሲመታ እዚያው ይቀራል፥ ቶሎ ግን ይጎዳል፤ ውዱ ዘመን ይሻገራል፥ ላብ ሲነካው ግን ያዳልጣል። በሚኔሶታ ክረምት ድርቅ ብሎ ጣት ሲያቆስል የከረመው ፑተር፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ በሆነችው በከሚሴ ቀትር ላይ ሲወጣ ጠባዩን ለውጦ ልስልስ አለ፤ ልጁም የመረጠውን ሁሉ እንደ ገና ከመጀመሪያው መምረጥ ሊኖርበት ነው ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ኀዘን ሳይሆን ደስታ ነበር።

ከቦርከና ወንዝ ማዶ በጨፋ ሜዳ ዳር ልንሞክረው ወጣን። ቅርጫቱን ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው ከንፈሩ ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ከአናጢ በተዋስነው ሜትር ለክተን በግንድ ላይ አቆምነው፤ ሰንሰለቱንም ከባጃጅ መጠገኛ ቤት በተለመነ አሮጌ የብስክሌት ሰንሰለት ፈጸምነው። ልጁ እግሩን አንድ ጊዜ አቀራርቦ አንድ ጊዜ አራርቆ፥ ጣቶቹን ከዲስኩ ሥር አንዴ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ አንዴ ጨብጦ፥ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይወረውራል፤ ግማሹ ይገባል፥ ግማሹ ያልፋል። በዚህ መካከል ከብቶቹን ትቶ የመጣ አንድ እረኛ፥ ድንጋይ ወርውሮ የወይፈን ቀንድ ለይቶ የሚመታ ብላቴና፥ እጁ የገባለትን እያነሣ ሦስቱን ተከታትሎ ሰንሰለቱ ላይ አንጫረራቸው። የትኛው እንደ ተመቸው ሲጠየቅ፥ ዶቃም ከንፈርም ሳይል፥ «ቀዩ ይሻላል፤ ሣር ውስጥ ሲወድቅ ይታያል» አለ። የእኅቴ ልጅ ይህ መልስ ምንም ትምህርት ያልነካው ነው ብሎ ቢተቸውም፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አረንጓዴውን አውጥቶ እንዳልወረወረ ልብ ብያለሁ።

ለእኔ የተመቸኝ ዶቃ የሌለው ነው። ከንፈሩ በሌባ ጣቴ አንጓ ላይ ሲያርፍ የሆነ ስምምነት ተሰማኝ፤ የእኅቴ ልጅ ምክንያቱን ሲጠይቀኝም ስለ ነፋስ፥ ስለ ልስላሴና ስለ መንሳፈፍ ረዥም ትንታኔ ሰጠሁት፤ ትንታኔውም ፍርዱ ከተፈረደ በኋላ የተጻፈ የጠበቃ ማመልከቻ እንጂ ሌላ አልነበረም። ልጁም ሆነ ስለ ዶቃ የሚከራከሩት ሊቃውንት ከዚህ የተለየ ነገር የሚሠሩ አይመስለኝም፤ ጣት አስቀድሞ ይፈርዳል፥ አእምሮም ከኋላ እየሮጠ አንቀጽ ይጠቅስለታል።

ሐጂ ግን ማመልከቻም አላስፈለጋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፑተሮቹን አንድ በአንድ ሳይወረውሩ ተቀበሉ፥ አውራ ጣታቸውን በየፑተሩ ከንፈር ዙሪያ አዞሩ፥ አዲሶቹን የሚያብረቀርቁትን ሁሉ ወደ ግራ ገሸሽ አደረጉ፤ በመጨረሻም ጠርዙ የተፋፋቀ፥ ቀለሙ የለቀቀ፥ ዶቃው በመበላት የለዘበ አንድ አሮጌ ዲስክ ሲደርሳቸው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ልጁ ደነገጠ። ለካስ የተጫዋቾቹ ሁሉ ምኞት እንዲህ ያለው ነው፤ ፑተር ሰንሰለትና ድንጋይ እየመታ ዓመታት ሲቆጠሩበት ብቻ የሚያገኘውን የከንፈር ጠባይ የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም።

«ሐጂ፥ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ አዲሱን ልስጥዎ» አለ።

«አዲሱን ለአዲስ ሰው ስጥ» አሉት፥ እጃቸውን ሳያነሡ።

«እኮ ምን ያደርግልዎታል? እርስዎ አይጫወቱም!»

«አንተስ ስንቱን አሳለፍኸው፥ ተጫወትህ ይባላል?» ካሉ በኋላ፥ ልጁ መልስ አጥቶ ወደ እኔ ሲዞር፥ ረጋ ብለው ዋጋ ቆረጡ፤ «ከበረቴ ፍየል ምረጥ።»

ልጁ ፍየል ይዞ አውሮፕላን እንደማይሳፈር ሊያስረዳቸው ገና አፉን ሲከፍት፥ ምሳችንን ይዛ የመጣችው እኅቴ ሰሐኑን አስቀምጣ፥ «ሐጂ፥ ወጠጤ ነው ወይስ ሙክት?» አለቻቸው።